«9,000 በእጅሽ» ሲሉሽ

እህቴ፣ በሎጂስቲክስ ተመርቀሽ ስምንት ወር ሥራ ስትፈልጊ ቆይተሽ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ድርጅቶች በአንድ ሳምንት ስለጠሩሽ ከልቤ ደስ ብሎኛል። አንዱ 12,000 ብር ጥቅል ደመወዝ፣ ማለትም ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ፣ ሰጥቶሻል፤ ሌላው «ታክሱንም ጡረታውንም እኛ ችለን 9,000 ብር በእጅሽ» ብሎሻል። ኑሮው እንዲህ በናረበት ጊዜ የትኛውን ልያዝ ነው ጥያቄሽ።

ሂሳቡን እናስላው። በሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ12,000 ብር ላይ 2,250 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 840 ብር ይቆረጣል። 8,910 ብር ይደርስሻል። ስለዚህ ሁለተኛው በ90 ብር ይበልጣል፤ ለ90 ብር ብለሽ ግን አትቸኩዪ።

እኔም የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት በ«ኔት»፣ ማለትም እንደ ሁለተኛው ድርጅት «ይህን ያህል በእጅሽ» ተብዬ ነበር። በሐምሌ 2008 የግብር ተመኑ ሲሻሻል በጥቅል የተዋዋሉ ባልደረቦቼ እጅ የሚገባው ብር ጨመረ። እኔ ፔይሮሉ ላይ ልፈርም ስል ከስሜ ፊት ያለው ቁጥር ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም። ቅናሹ የቀረው ቀጣሪዬ ኪስ ነው፤ ውሌ እንዲያ ይል ስለነበር የምከራከርበትም አልነበረኝም። በ2017ቱ ማሻሻያም ያው ነው፤ በ12,000 ብር ላይ ግብሩ ከቀድሞው በ450 ብር ቀንሷል፣ በኔት የተቀጠረች ልጅ ግን ሳንቲም አላገኘችም።

ጡረታውንም ጠይቂ፦ «በስንት ብር ደመወዝ ነው የምታስመዘግቡኝ?» በ12,000 ከሆነ ያንቺ 840 እና የአሠሪው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ተደምሮ በየወሩ 2,160 ብር ለጡረታሽ ይገባልሻል። በኔት ከሚከፍሉት መካከል ደመወዙን 5,000 ብር ብለው የሚያስመዘግቡ አጋጥመውኛል፤ ያኔ 900 ብር ብቻ ነው። ወደፊት ደመወዝሽ ተጽፎ ይሰጠኝ ብትዪም የሚወጣልሽ ያው ትንሹ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

የግብር ቅናሹን ግን እንደ ደመወዝ ጭማሪ አትቁጠሪው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱን ዋጋ ራስሽ ታውቂዋለሽ። በግሉ ዘርፍ ደግሞ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ያለሽ ውልሽ ነው። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ያ ሲያልቅ ደመወዝሽ እንደገና እንዲታይ ከነቀኑ ውሉ ውስጥ አስጽፊ።

እኔ ብሆን ባለ 12,000ውን እይዛለሁ፤ ሥራው ቦታ ከቤትሽ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ከሆነ። ሁለት ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት የትራንስፖርት አበል ጠይቂ። ሁለተኛውን ድርጅት ከመረጥሽም ጥቅሉን ደመወዝ በቁጥር ይጻፉልሽ።