አባ ክዳን እና የጠረጴዛ ጎረቤቶቹ

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚኖር ሱፐርሂሮ ታሪክ እየጻፈ ነው። ሰውየው ሌሊት ሰው ያድናል፣ ቀን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ጋዜጠኛ ነው። «ሥራቸው መጠየቅ ከሆነ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ እንዴት አይያዝም? እንደ ሱፐርማን መነጽር ማድረግ ብቻ ያሳምናል ወይ?» ይላል። ብዙዎቻችሁ «አያሳምንም፣ ሞኝነት ነው» ብላችኋል። እኔ የምለው ትንሽ አለኝ። መብረር አልችልም። ግን እዚሁ ድሬ አንድ ዜና ክፍል ውስጥ ለአሥር ወር ያህል ከባልደረቦቼ ተደብቄ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ስለ መነጽሩ። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማንን ሲያወጡት የቀን ስሙን ክላርክ ኬንት አሉት። የሚሠራበት ጋዜጣ ያኔ ዴይሊ ስታር ነበር፤ ዴይሊ ፕላኔት የተባለው ኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚስቀው በመነጽሩ ነው። ክላርክ ግን መነጽር ብቻ አላደረገም። ይጎብጣል። ድምፁን ይቀይራል። ጠብ ሲነሳ ይሸሻል። ገና በመጀመሪያው ታሪክ ላይ አንድ ጉልበተኛ የሥራ ባልደረባውን ሉዊስ ሌንን ሲያስቸግራት ክላርክ አፍሮ ቆመ። እሷም ፈሪ ብላ ሰድባው ሄደች። ሰውየው ዓለምን ማንሳት ይችላል፤ የሚወዳት ሴት ግን ፈሪ ነው ብላ የምታስበው ሰው ሆኖ ይውላል። ዋጋው ይሄ ነው። ፊቱን አልደበቀም፣ ስሙን ነው የሰጠው።

ሌላም አለ። ሱፐርማን ጭምብል አያደርግም። ፊቱን ገልጦ የሚሄድን ሰው «ይሄ ሌላ ሕይወት ይኖረው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጭምብል ያደረገውን ነው ሰው «ማነው?» የሚለው። ስለዚህ ለታሪክህ ጭምብል ከማሰብህ በፊት ቆም በል። ደግሞ አቦ፣ በድሬ ሙቀት! ክላርክ ልብሱን ከሸሚዙ ስር ነው የሚለብሰው። ሚያዝያ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ የከዚራን ሰፈር አንድ ጊዜ ተሻገር። ከስር የለበስከው ሰማያዊ ከነምልክቱ ጀርባህ ላይ ይነበባል።

ያንተ ሰውዬ ሬዲዮ ላይ መሆኑም አንድ ችግር አለው። ጋዜጣ ላይ ቢሆን ድምፁን የሚያውቀው ባልደረባው ብቻ ነው። ሬዲዮ ላይ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ከጎርፍ ያወጣትን ሴትዮ «አይዞሽ» ባላት ሰከንድ «ውይ፣ የጠዋቱ ዜና አንባቢ!» ትለዋለች። ቢሊ ባትሰን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ኮሚክ ላይ ያለው ልጅ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። እሱ ግን «ሻዛም» ሲል መብረቅ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ሌላ ሰው፣ ትልቅ ሰው ይሆናል። ፊቱም ድምፁም ይቀየራል። የእሱ ጭንቀት ቃሏ ድንገት ከአፉ እንዳታመልጠው ብቻ ነው። ያንተ ሰው መብረቅ ከሌለው ዜና አንባቢ አታድርገው። ዜና ጸሐፊ አድርገው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ገና በተቀጠርኩ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ ነበር። መብራት በጠፋበት ምሽት የጎረቤታችን ልጅ ገባችበት። እግሯ ተሰበረ። ድሬ ላይ የውሃ ነገር ቀልድ አይደለም። እዚህ ከተማ ሳይዘንብ ጎርፍ ይመጣል፤ ደጋው ላይ ዘንቦ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ይሞላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን እንደዚያ ሆኖ ነው። ያን ሌሊት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ዛሬም ወደ ደጋው፣ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ጫማዋን በር ላይ አዘጋጅታ ነው የምትተኛው።

ስለ ጉድጓዱ ዜና ሠራሁ። የሚመለከተው ክፍል «በቅርቡ ይከደናል» አለ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ «በቅርቡ» ደግሜ ጻፍኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ በያጅ ነው። አሮጌ በርሜል ቀደን፣ ቀጥቅጠን፣ ላሜራ አደረግነው። ዙሪያውን ፌሮ በየድንበት። የፌሮውን ጫፍ ወደ ታች እንደ መንጠቆ አጠፍነው፤ አለዚያ በማግስቱ ለቁራሌ ተሸጦ ታገኘዋለህ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በባጃጅ ጭነን ወስደን ከደንነው። አንድ ውሻ ጮኸብን፣ በቃ። በሳምንቱ ሌላ ሠራን። ከዚያ ሌላ።

ለምን በድብቅ? የከተማ ቦይ ላይ ብረት ለመግጠም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ቀን «በቅርቡ» እያልኩ የምጽፍ ሰው ሌሊት ራሴ ስከድን ብያዝ አለቆቼ ምን እንደሚሉኝ ለመገመት አልተቸገርኩም።

ከዚያ ስልኩ መደወል ጀመረ። የመጀመሪያዋ ደዋይ ከከዚራ አንዲት እናት ነበሩ። «ያን ልጅ ፈልጉልኝ፣ ልመርቀው» አሉ። ሌላው ደዋይ «አባ ክዳን» ብሎ ሰየመውና ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ዜና አንባቢያችን አንድ ጠዋት ተሳስቶ «አባ ኪዳን» ብሎ አነበበው። ያን ቀን ሦስት እናቶች አባ የየትኛው ደብር አገልጋይ እንደሆኑ ለመጠየቅ ደወሉ።

አሁን ጋዜጠኞች መሀል መደበቅ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። የሚገርምህ ነገር፣ ጋዜጠኛ ዜና ያለው ውጭ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። መቅረጸ ድምፁን ይዞ ይወጣል። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ምሳ የሚጋበዝ፣ ብድር የማይመልስ፣ አርብ ቶሎ የሚወጣ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ዜና አድርጎ አያየውም። ጣቢያችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነበር የሚያሰራጨው፤ ሦስቱም ክፍሎች የየራሳቸው ደዋይ አላቸው። ለኦሮምኛው ክፍል የደወሉት ሰውየውን ረጅምና ቀጭን አደረጉት። ለሶማሊኛው የደወሉት ሽማግሌ ነው አሉ። የእኛዎቹ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ብለው ማሉ። ሦስት ዜና ክፍል ሦስት የተለያየ ሰው ሲፈልግ እኔ መሀል ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ይሄን ታሪክህ ውስጥ ተጠቀምበት፤ ሌላ ከተማ ላይ በቀላሉ አታገኘውም።

ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው። የብየዳ መነጽር የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያደርገው በያጁ ነው። እኔ ላሜራውን እይዛለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ ግን ብልጭታው አይቀርልህም። ተበይዶ ያደረ ዓይን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ አሸዋ የተሞላ ይመስልሃል። እንባ ይወርዳል፣ መብራት ማየት አትችልም። መድኃኒቱ ጥሬ ድንች ነው፤ ቀጭን አድርገህ ትቆርጥና ዓይንህ ላይ ታስተኛዋለህ። ሐኪም ምን እንደሚል እንጃ፣ በያጅ ሁሉ ግን የሚያደርገው ይሄንን ነው። ክላርክ ኬንት በመነጽር ተደበቀ፣ እኔ መነጽር በማጣት ልያዝ ነው እያልኩ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ቢሮ እገባለሁ።

ምንም መዋሸት አላስፈለገኝም። ድሬ ላይ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዝም ብሎ የሚገባ ወጣት ምን ሠርቶ እንዳደረ ማንም አይጠይቅም። «አይ አንተ! ምርቃናው አልወረደም እንዴ?» አለኝ አንዱ። ሳቅኩ። አለቀ። ጫት በሕይወቴ ሁለቴ ነው የቃምኩት፣ ሁለቴም አመመኝ። ግን በወር ውስጥ በቢሮው የታወቅኩ ቃሚ ሆንኩ። ስብሰባ ላይ ሳንቀላፋ ይተሳሰቃሉ። የተሻለ ምድብ ሲወጣ «እሱ ሌሊት አያስተማምንም» ተብሎ ለሌላ ተሰጠ። ወሬው ዞሮ ዞሮ እናቴ ጋር ደረሰ። እሷ አልተቆጣችም፤ ይሄ ነው የከፋው። ማታ ማታ ራቴን ስታቀርብ አንገቷን ደፍታ፣ ምንም ሳትለኝ ታቀርባለች።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ ይሄ ነው። ሰውየህን ሰው ሁሉ ለማመን የተዘጋጀበት፣ ከእሱ ያነሰ ሰው አድርገው። ብልጥ ሰበብ አትፍጠርለት፤ ብልጥ ሰበብ ጋዜጠኛ ይመረምረዋል። የሚያሳፍር ሰበብ ግን ማንም አይመረምርም።

ቀጥሎ የመጣውን ሳልጠብቀው አልቀረሁም። ዋና አዘጋጁ ጠሩኝና «አባ ክዳንን ፈልገህ አምጣ» አሉኝ። ሌላ ሰው ሥራ በዝቶበት ነበር።

ክላርክ ኬንት ስለ ራሱ ዜና ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጣው ፒተር ፓርከርም የስፓይደርማንን፣ ማለትም የራሱን ፎቶ ዴይሊ ቡግል ለሚባል ጋዜጣ ይሸጣል። እናንተ ስታነቡት ያስቃል። ዜና ክፍል ለሠራ ሰው ግን ያሳፍራል፤ ከዚህ የባሰ የጥቅም ግጭት የለም። (በነገራችን ላይ ፒተር ከክላርክ የተሻለ አስቦበታል ባይ ነኝ። ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፣ ፎቶ አስረክቦ ይሄዳል። ፊርማ የለበትም፣ «የት ነበርክ?» የሚለው አለቃ የለም። ያንተንም ሰው ቋሚ አታድርገው።)

እኔ መቅረጸ ድምፁን ይዤ ወጣሁ። ለገሃር ፊት ለፊት የቆሙ ባጃጅ ነጂዎችን ጠየቅኩ። አንዱ «አውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን ጭኜዋለሁ» ብሎ ምሎ ተገዘተ። ምን ይመስላል ስለው ካንተ ይረዝማል አለኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ተመልሼ ዘገባውን ስጽፍ መጨረሻው ላይ ደረስኩና ቆምኩ። «ማንነቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። «ማንነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» አልኩ። እሱም ውሸት ነው። በመጨረሻ «ግለሰቡ ማንነቱ እንዲገለጽ አይፈልግም» ብዬ አስገባሁ። እውነት ነው። ግን ዋና አዘጋጁ አነበቡና «አግኝተኸዋል ማለት ነው?» አሉኝ። ወላሂ፣ ያን ዓይነት ላብ ድሬም አታውቀውም። «በሰው በኩል ነው» አልኩ። የሰውየህ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ውሸት ላለመጻፍ ከሞከረበት ዓረፍተ ነገር።

ዘበኛችን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ባጃጅዋን ሌሊት አይቷታል፣ በማግስቱ ደግሞ እጄ ላይ ያለውን የብረት ዝገት። ዘበኛ፣ ሹፌርና ሻይ የምታፈላ ሴት ከጋዜጠኛ ሁሉ በላይ ያውቃሉ። ምንም አላለኝም። በር ሲከፍትልኝ ብቻ «ጎበዝ» ይለኛል። ሌሎቹን አይልም።

ጋዜጠኞቹ መሀል የደረሰችብኝ አንዲት ልጅ ናት። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ሰው መጠየቅ ትታ ክዳኖቹን ነበር ያየችው። አንዱ ላይ የበርሜሉ አረንጓዴ ቀለም ቀርቶ ነበር። አሸዋና ታይዋን ገበያ አካባቢ እየዞረች አረንጓዴ በርሜል የሚሸጥ ጠየቀች፤ የገዛውን በያጅ አገኘች። በያጁ ጋ ሄዳ ግን ምንም አልጠየቀችም። ግድግዳው ላይ የሰርጉ ፎቶ አለ። ሚዜው እኔ ነኝ።

ሉዊስ ሌን በኮሚኩ እስክትነገር ድረስ ዓመታት ወስዶባታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ክላርክ ራሱ ነው የነገራት፣ ያውም ከተጫጩ በኋላ። የእኔዋ ሦስት ሳምንት ነው የፈጀባት።

አንድ ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ገባሁ። ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ወንበሯን አዞረች። ፊቴን ትኩር ብላ አየችውና ጣቷን ወደ ጉንጬ አስጠጋች። የደረቀ ነጭ ነገር ቀርቶ ነበር፣ እንደ ዱቄት።

«ቃሚ ድንች ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሰበብ ለማሰብ ሞከርኩ። አሥር ወር ሙሉ አንድም ሰበብ አዘጋጅቼ አላውቅም፣ ሰው ራሱ ነበር የሚያዘጋጅልኝ።

«ልታወጪው ነው?» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከፈትኩት። በእስክሪብቶ የተሣለ አራት ማዕዘን ነው። ጎኖቹ ላይ ቁጥር አለ፣ ከስሩ «ገንደ ቆሬ» ይላል።

«እናቴ በር ላይ ነው» አለች። «60 በ80። ራሴ ለክቼዋለሁ።»