ወገኖቼ፣ ትልቁን ፐርሰንት አትከተሉ

ድርብ ፈረቃ ሠርታችሁ ያጠራቀማችሁትን ብር አክሲዮን ላይ ስታውሉ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ አመራረጣችሁ ነው። አንዱ አሳታሚ 2 ከመቶ፣ ሌላው 7 ከመቶ የትርፍ ድርሻ ይከፍላል ሲባል ሁላችሁም ወደ 7ቱ ትሮጣላችሁ። እኛ ወደ ውጭ አገር በመጣንበት ዘመን የሚመክረን አልነበረም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እናንተ ግን የሚነግራችሁ አለ፣ ስሙ።

1. ወረቀቱ። የአክሲዮን መግዣ አካውንት ስትከፍቱ የግብር ቅጹን በትክክል ሙሉ። አለቀ።

2. ፐርሰንቱ ከየት መጣ? በዓመት 1 ዶላር የሚከፍል የ20 ዶላር አክሲዮን 5 ከመቶ ከፈለ ይባላል። ዋጋው 10 ዶላር ሲገባ 10 ከመቶ ይሆናል። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም! ገበያው ስለፈራ ነው።

ፒርሰንን ተመልከቱ። ይህ የእንግሊዝ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ለ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአክሲዮን 52 ፔንስ ከፈለ። ዋጋው ወርዶ ስለነበር 7 ከመቶ አካባቢ ሆኖ ይታይ ነበር። ያማልላል አይደል? አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች መጽሐፍ መግዛት ትተው መከራየት ሲያበዙ ገቢው ተመታ። በጥር 2017 አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወደቀ። የዚያ ዓመት ክፍያ 17 ፔንስ ሆነ። ድርሻውም ተቆረጠ፣ ዋናው ገንዘብም ተሸረሸረ።

የአሜሪካው የጋዜጣ ኩባንያ ጋኔትም እንዲሁ። በ2019 ከሌላ የጋዜጣ ኩባንያ ጋር ሲዋሃድ 11.5 ከመቶ ወለድ የሚከፈልበት ከባድ ብድር ተሸከመ። በ2020 የትርፍ ድርሻው ቆመ። ለአበዳሪ ሳይከፈል ለእናንተ የሚከፈል ነገር የለም፤ ይህን ለምን እንደምትዘነጉ አይገባኝም።

አሁን ኒው ዮርክ ታይምስን አስተያዩ። በ2009 ክፍያውን አቁሞ ዕዳውን አቃለለ። በ2013 በሩብ ዓመት 4 ሳንቲም ብሎ ጀመረ፤ በ2025 18 ሳንቲም ደረሰ። ፐርሰንቱ ትንሽ ስለሆነ ዞር ብሎ ያየው ከእናንተ ስንቱ ነው? ዋይሊ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ በየዓመቱ ክፍያውን ጨምሯል፤ የ2025 ጭማሪው ግን በሩብ ዓመት ከ1 ሳንቲም በታች ነበር። ኑሮው ሲወደድ ይህ እድገት አይባልም።

3. ስታወዳድሩ የዓመቱን ሪፖርት ክፈቱና የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ገጽ ፈልጉ። ከሥራው የገባው ገንዘብ፣ የመሣሪያና የሶፍትዌር ወጪው ተቀንሶ፣ ለባለአክሲዮኖች የተከፈለውን ይሸፍናል? ካልሸፈነና ዕዳው እያደገ ከሆነ ያ 7 ከመቶ ይቅርባችሁ።