የአንባቢ ጥያቄ፦ እናቱ ሞታ ቡና የጠጣው ሰውዬ እና ሌሎች

ባለፈው እትም ስለ ፈረንሳይ ደራሲዎች ሁለት መስመር ጣል አድርገን ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ስድስቱን መርጠናል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። ሰው ሁሉ ፕሩስትን አንብብ ይለኛል። ገዛሁት። የአንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስደርስ መነሻውን ረስቼዋለሁ። ከየት ልጀምር?
(ተስፋ የቆረጠው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ፕሩስትን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ወንድሜ፣ የትም አይሄድም። ከቀጭን መጽሐፍ ጀምር። አልበር ካሙ በ1942 ያሳተመው «ሌትራንዤ» አለ፣ «ባዳው» እንደማለት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ደግሞ ካሙ ያንን መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚገኘውን፣ ተማሪ የሚያስለቅሰውን የኃላፊ ጊዜ ግስ ትቶ ሰው ካፌ ቁጭ ብሎ በሚያወራበት አነጋገር ነው የሚተርከው። ሦስት ዓመት የተማርከው ይበቃሃል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ቆም በል። «ዛሬ እማዬ ሞተች» ይላል። ወይስ «እናቴ ሞተች»? ወይስ «እናቴ አረፉ»? ፈረንሳይኛው «ማማን» ነው የሚለው፣ ልጅ እናቱን የሚጠራበት ቃል። «አረፉ» ካልክ ሰውዬው ጨዋ ይሆንብሃል። «እናቴ ሞተች» ካልክ ደረቅ ይሆናል። «እማዬ» ስትል ግን አንድ ትልቅ ሰው በልጅ አፍ ሞት ሲያወራ ትሰማለህ፤ ከዚያ ወዲያው «ወይም ትናንት ይሆናል፣ እንጃ» ይልሃል። ተርጓሚዎች በየቋንቋው በዚህች አንዲት ቃል ሲጨቃጨቁ ኖረዋል፣ አይፈረድባቸውም።

ሰውዬው ሜርሶ ይባላል፣ አልጀርስ ውስጥ የሚኖር የቢሮ ሠራተኛ ነው። አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቡና በወተት ይጠጣል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ አያለቅስም፣ የእናቱን ዕድሜ እንኳ በትክክል አያውቅም። በማግስቱ ይዋኛል፣ ከአንዲት ሴት ጋር አስቂኝ ፊልም ያያል። በኋላ ባሕር ዳርቻ ላይ ሰው ይገድላል። ሲከሰስ ግን ዐቃቤ ሕጉ ከግድያው ይልቅ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰውን እንባ ነው የሚቆጥርበት።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ሳነበው እኔም ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ነበርኩ። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ያደገ ሰው እንዴት ዝም ይላል! በእኛ ሰፈር ቢሆን ዳኛው ሳይደርስ እድርተኛው ይፈርድበት ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሌላ ነገር አየሁ። የሞተው ሰው ስም የለውም። ከዳር እስከ ዳር «አረቡ» ብቻ ነው። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ይህችን ቀዳዳ ይዞ ገባ፤ ለሟቹ ሙሳ የሚል ስም ሰጠው፣ ታሪኩንም በወንድሙ አፍ አስተረከው። ያኛው መጽሐፍ እንዴት እንደሚጀምር ታውቃለህ? «ዛሬ እማ አሁንም በሕይወት አለች» ብሎ። ሁለቱን አከታትለህ አንብባቸው። ፕሩስት ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኮሌጅ የአኒ ኤርኖን መጽሐፍ አምጥታ ሰጠችኝ። የገዛ አባቷን ነው የምትጽፈው። ቀጭን ነው፣ ታሪክም የለውም። ይሄ ልቦለድ ይባላል? ኖቤሉ የተሰጣት በዚህ ነው?
(እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ልቦለድ አይደለም። ደራሲዋም አይደለም ነው የምትለው። በ1974 የጀመረችው በልቦለድ ነበር። አባቷ ከሞቱ በኋላ ስለእሳቸውም ልቦለድ ልትጽፍ ሞክራ ተጸየፈችው። ለኑሮ ሲታገሉ የኖሩ ሰውን ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ማድረግ አልሆነላትም። እርስዎ ያነበቡት በ1983 የወጣው «ላ ፕላስ» ይመስለኛል። ቃሉ ቦታ ማለት ነው፣ ሰው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሰጠው ደረጃም ነው።

አባትየው የእርሻ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ኋላ ኖርማንዲ ውስጥ ኢቭቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሚስታቸው ጋር ካፌም ግሮሰሪም የሆነች ሱቅ ያዙ። ልጅቷ ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች። በዚያው ልክ ከአባቷ ራቀች። እስቲ ሲበሉ የሚያሳየውን ቦታ ድጋሚ ይመልከቱት። ከኪስ ቢላዋቸው በቀር ሌላ አይነኩም። ዳቦውን በትንንሹ ይቆርጡና ከሳህኑ ጎን ያስቀምጣሉ፣ አይቡንም ወጡንም በእሱ ነው የሚያነሱት። ደራሲዋ «ምስኪን አባቴ» አትልም፣ «ባላገር» ብላም አትስቅባቸውም። ያየችውን ትነግርዎታለች፣ በቃ። ከሞቱ በኋላ ቦርሳቸው ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ ተገኘ። ለመምህራን ትምህርት ቤት ያለፉ ተማሪዎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ስም የልጃቸው ነበር። እዚህ ቦታ ላይ አልቅሻለሁ፣ እሷ ግን አንድ ቅጽል እንኳ አልጨመረችም።

ይህን አጻጻፍ ራሷ ስትገልጸው፣ ድሮ ለወላጆቿ ዋና ዋናውን ወሬ ለመንገር በምትጽፈው ደብዳቤ ቋንቋ ነው የጻፍኩት ትላለች። እርስዎም ወደ አገር ቤት ሲጽፉ እንደዚያው አልነበረም? ደህና ነኝ፣ ብርዱ ጠንቶብናል፣ ገንዘቡ ደርሷችኋል ወይ። ከዚያች ከ«ደህና ነኝ» ጀርባ ስንት ነገር እንዳለ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ያውቀዋል። ኖቤሉን ያገኘችው በ2022 ነው፣ በሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያዋ ፈረንሳያዊት ሴት ናት። በአንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ልጅዎ «ሌ ዛኔ» የሚለውን ካገኘች ደግሞ ታምጣልዎት፣ «ዓመታቱ» ማለት ነው። የአንድ ትውልድ ኑሮ፣ ማስታወቂያው፣ ዘፈኑ፣ የእሑድ ምሳው ሳይቀር እዚያ አለ። «እኔ» ሳትል ነው የጻፈችው።

ጥያቄ፦ ጎንኩር የሚባለው ሽልማት ስንት ብር ነው?
(ተራ ጠያቂ)

መልስ፦ በፈረንሳይኛ ለተጻፈ ልቦለድ የሚሰጠው ያ ትልቅ ሽልማት አሥር ዩሮ ነው። የዜሮ ስህተት አይደለም። ትርፉ ሽያጩ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ማሸነፉን የሚናገረው ቀይ መጠቅለያ ከታሰረበት በኋላ በመቶ ሺዎች ሊሸጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ይህንኑ ሽልማት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አጭበርብሮ ወስዷል ሲሉ ሰማሁ።
(ወሬ ወዳዱ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማጭበርበር ካልከው ይሁን። ደንቡ ለአንድ ደራሲ አንድ ጊዜ ነው። ሮማን ጋሪ በ1956 ወሰደ። ከዓመታት በኋላ ሃያሲዎች «ይሄ ሰውዬ አልቆለታል» ማለት ሲጀምሩ ኤሚል አዣር በሚል ስም መጻፍ ጀመረ። አዣርን ሆኖ የሚታይ ሰውም አዘጋጀ፣ የራሱን ዘመድ። በ1975 አዣር ጎንኩርን አሸነፈ። ጋሪ በ1980 ራሱን አጠፋ፤ እውነቱ ይፋ የወጣው በዓመቱ ነው። ያኔ ነው ሃያሲው ሁሉ ያፈረው።

አዣር ያሸነፈበት መጽሐፍ ግን ከወሬው ይበልጣል። ሞሞ የሚባል አረብ ልጅ አለ፣ የምታሳድገው ማዳም ሮዛ የምትባል አሮጊት አይሁዳዊት ናት። ቤቷ ፓሪስ ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለም። ሮዛ ወፍራም ናት፣ እግሯ አይረዳትም፣ ደረጃው ደግሞ አያልቅም። ልጁ የሚያወራበት ቋንቋ የተሰባበረ ነው፣ ትስቃለህ፣ ከዚያ ጉሮሮህ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ የሕፃን ሞግዚት ቀጥሬያለሁ። ጓደኛዬ የሌይላ ስሊማኒን «ሻንሶን ዱስ» አንብቢ እያለችኝ ነው። ላንብበው?
(አራስ ነኝ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አሁን አታንብቢው። የ2016 ጎንኩር ነው፣ በጣም ጎበዝ መጽሐፍ ነው፣ ግን የመጀመሪያው መስመር «ሕፃኑ ሞቷል» ይላል፣ ገዳይዋም ሞግዚቷ ናት። የቀረው ሁሉ ያቺ ታታሪ፣ ቤቱን እንደ መስተዋት የምታብለጨልጭ፣ ሁሉም የሚቀናባት ሠራተኛ እንዴት እዚያ እንደደረሰች ነው። ጥፋቱ ከአሠሪዎቹም እንደማይርቅ ቀስ እያልሽ ይገባሻል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ እንነጋገራለን። ጓደኛሽን ግን አንድ ነገር በይልኝ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ኢ የምንላት የላቲን ፊደል አንድም ጊዜ ያልገባችበት የፈረንሳይኛ ልቦለድ አለ አሉኝ። እየቀለዱብኝ ነው? በአማርኛስ ይቻላል?
(የአማርኛ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቀልድ አይደለም መምህር። ዦርዥ ፔሬክ በ1969 ያሳተመው «ላ ዲስፓሪስዮን» ነው፣ «መጥፋት» ማለት ነው፣ ሦስት መቶ ገጽ ያህላል። ያቺ ፊደል ደግሞ በፈረንሳይኛ ከሁሉም በላይ የምትመላለሰው ናት። አንድ ሰው ይጠፋል፣ ጓደኞቹ ይፈልጉታል፣ ወደ ምስጢሩ የቀረበ ሁሉ ይሞታል፤ የጠፋችው ፊደል መሆኗን አንባቢው ያውቃል፣ እነሱ ግን ስሟን መጥራት አይችሉም።

ለምን? በአንድ በኩል ጨዋታ ነው። ፔሬክ ኡሊፖ የሚባል፣ ደራሲዎችና የሒሳብ ሰዎች በ1960 የመሠረቱት ቡድን አባል ነበር፤ ራሳቸው ላይ ከባድ ሕግ አውጥተው በዚያ ውስጥ ይጽፋሉ። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይገርመውም፣ ቤቱ ሳይሞላ ቅኔ የለም። በሌላ በኩል ግን የሰውዬውን ሕይወት ይመልከቱ። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ናቸው። አባቱ በ1940 ወታደር ሆነው ሞቱ። እናቱ ልጃቸውን ለማትረፍ ከፓሪስ ሲያሸሹት ሊዮን የሚባለው ባቡር ጣቢያ ላይ የሥዕል መጽሔት ገዙለት፣ ሽፋኑ ላይ ቻርሊ ቻፕሊን በፓራሹት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አላያቸውም። በ1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ። እንግዲህ ያቺ ፊደል ከሌለች በፈረንሳይኛ «አባት» አይጻፍም፣ «እናት» አይጻፍም፣ «ቤተሰብ» አይጻፍም፣ «ፔሬክ» የሚለው ስምም አይጻፍም። የፊደሏ ስም ሲጠራም «እነሱ» ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባል። ያለ እሷ መጻፍ ያለ እነሱ መጻፍ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ የእኛ አናባቢ ብቻውን አይቆምም፣ ፊደሉ ላይ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ መጣል ያለብን አንድ ዓምድ ሙሉ ነው። ጃፓኖች ሲተረጉሙት እንደዚያ ነው ያደረጉት፣ የ«ኢ» ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት በሙሉ ጣሉ። እኛስ የቱን እንጣል? ሳድስን መጣል አይታሰብም፣ አንድ መስመር አንራመድም። ግዕዝን ከጣልን «ነበረ»ም «አለ»ም ሄዱ። ራብዕም ያው ነው። እኔ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሐምስን ሞከርኩ፣ ሄ ሌ ሜ ያለውን። ቀላል መስሎኝ ነበር። «ቤት» የለም፣ «ጊዜ» የለም፣ «ሄደ» የለም፣ ይሁን። ከዚያ «እናቴ» ልል ስል ደነገጥኩ። «አባቴ» የለም። «ልጄ»፣ «ወንድሜ»፣ «አገሬ» የለም። «እናት» ማለት ይቻላል፣ የእኔ ማድረግ ግን አይቻልም። «እኔ» ራሱ የለም! «እግዚአብሔር» እንኳ አይጻፍም፣ «አምላክ» ብሎ ማለፍ ነው። ፔሬክ ይህን ቢያውቅ አማርኛ ይማር ነበር ብዬ አሰብኩ።

እስካሁን የደረስኩት እዚህ ነው፦ «አንድ ሰው ጠፋ። ማንም አልፈለገውም። በሩ ክፍት ነበር፣ ቡናው ገና ትኩስ ነበር።» ከተማሪዎችዎ ጋር ይቀጥሉበትና ግማሽ ገጽ ይላኩልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። አንድ «እኔ» ካመለጠ ግን እንመልሰዋለን።