አዲሱን የኦክ እንጨት አሮጌ ለማስመሰል ለምትጣደፉ ልጆቼ

ሰሞኑን አንድ ወጣት አናጺ «ጋሼ፣ አዲስ የኦክ ቡፌ በአንድ ቀን አሮጌ ማስመሰል ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ዘመን እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔም «ጋሼ» እላቸው ነበር። አንዲት እናት ከወላጃቸው የወረሱት የኦክ ጠረጴዛ ነበራቸው። ለልጃቸው ሠርግ ከጠረጴዛው ጋር የሚሄድ ቡፌ አዘዙ። አዲሱ ቡፌ አሮጌ እንዲመስል ጋሼ ሚስማር አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፉ። ክዳኑን አላጠበቁትም፤ ጋዝ ያወጣል። ሻይ አፍ የሚይዘው በታኒን ነው፤ ኦክም ታኒን አለው። በአቼቶ የሟሟው ብረት ታኒኑን ሲያገኝ እንጨቱ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ጋሼ አቼቶውን በውሃ አቅጥነው፣ መጀመሪያ ከዚያው ጣውላ በተረፈ ቁራጭ ላይ ሊሞክሩት ነበር።

የሥራ ቤቱ ባለቤት «ሠርጉ ደርሷል!» ብሎ ብሩሹን ነጠቃቸው። ሳያቀጥን ቀባው። አንዱ በር እንደ ምጣድ ጠቆረ። ሌላው ከሌላ ግንድ ስለነበር ግራጫ ሆኖ ቀረ። ጋሼ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እጃቸውን ጠረጉ፣ ሽርጣቸውን ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀሉና ወጡ። ልከተላቸው ፈልጌ ነበር። እናቴ የምታድረው በኔ ደሞዝ ነበርና ቀረሁ። በኋላ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ትንሽ ቤት ከፈቱ። በደጃፋቸው ስንቴ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ገብቼ ግን «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» አላልኩም። አሁን የሉም።

ስለ ብርጭቆ ወረቀት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ውሃ የእንጨቱን ጸጉር፣ ማለትም ስስ ክሩን፣ እንደሚያስነሳ ግን አትርሱ። ቀድማችሁ በእርጥብ ጨርቅ አስነሱት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ እሹት። ቀይ ኦክ ታኒኑ አነስ ይላል፤ ከአቼቶው በፊት ወፍራም ሻይ ቀቡት።

ቲክቶክ ላይ አዲስ ዕቃ በሰንሰለት ስትደበድቡ አያለሁ። ያናድደኛል። አሮጌ ዕቃ የሚያልቀው እጅና እግር በሚነካው ቦታ ነው፤ እጀታው ዙሪያ፣ የፊት ጠርዙ፣ የወንበሩ የእግር ማሳረፊያ። እዚያ ቀለሙን ፈተግ አድርጉት። ጥጋጥጉ ጨለም ይበል፤ ጥቁር ሰም ይበቃዋል። የተዘጋጀ የእንጨት ቀለም አልወድም፤ ሕይወት የለውም። ለልጄ አልጋ የቀባሁት ግን እሱኑ ነው፤ ደግሞም አምሮበታል።

ቫርኒሽ በጠዋት ቀቡ። የአዳማ ንፋስ ከተነሳ አቧራው እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ቀድማችሁ ወለሉ ላይ ውሃ እርጩ።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትወረውሩ። እየደረቀ ይሞቃል፤ ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።