መልስ፦ አምስት የስፌት ማሽን ያለው ልብስ ሰፊ «ማሽኖቼ ለብድር ዋስትና ይሆናሉ?» ብሎ ለጠየቀው

ይሆናሉ። ቤትም መኪናም ባይኖርህ አምስቱን የስፌት ማሽኖችህን ማስያዝ ትችላለህ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ ሸቀጥን፣ ከብትን ሳይቀር ለዋስትና ይፈቅዳል። ማሽኖቹ ከሱቅህ አይወጡም፤ እየሰፋህባቸው ትከፍላለህ። አበዳሪው መብቱን በዋስትና መዝገብ ላይ ያስመዘግባል።

አዋጁ ግን ማንንም አበድር ብሎ አያስገድድም። አንዱ «የቤት ካርታ አምጣ» ካለህ ሳትከራከር ወደ ሌላው የብድርና ቁጠባ ተቋም ሂድ።

ከመሄድህ በፊት ደረሰኞችህን ፈልግ። እኔ ኦቨርሎኬን፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋውን ማሽኔን፣ መርካቶ ያለ ደረሰኝ፣ ረከሰልኝ ብዬ ነበር የገዛሁት። የአበዳሪው ንብረት ገማች ጎንበስ ብሎ የመለያ ቁጥሩን በጣቱ እየጠረገ ካነበበ በኋላ «ያንተ ለመሆኑ ማስረጃው የት አለ?» አለኝ። ከሁሉ ውዱ ማሽኔ ከግምቱ ወጣ።