የሚያስለቅሳችሁን ቪዲዮ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሆኜ የተማርኩትን ላጫውታችሁ።

የምታለቅስ እናት ምስል ብቻውን ያሳዝናል። ከሥሩ ዋሽንት ብታስገቡበት ተመልካቹ አብሯት ያነባል። ቀጥሎ የሚስቅ ባለሥልጣን ብታመጡ ግን ሐዘኑ ወዲያው ንዴት ይሆናል። ሰውየው የሳቀው በሌላ ቀን፣ በሌላ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለተመልካቹ የሚነግረው የለም።

በአገራችን ይህ ሥራ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርፆ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ለአገሩ ሕዝብ አሳይቶ ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሡም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ሰካበት። ያ ፊልም በቴሌቪዥን በታየ ማግስት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር። መደበቁም እውነት ነበር። ያን ማታ ያለቀሰ ሰው ተታሏል ለሚል ሰው አልስማማም፤ የሚገባ ሐዘን ነው ያዘነው። ቁጣው ግን ማን እጅ ገባ? በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። ከ10 ዓመት በኋላ ወሎና ትግራይ እንደገና ሲራቡ፣ ያው ደርግ የአብዮት በዓሉን ደግሶ ረሃቡን ሸፋፈነው። ዓለም ጉዱን ያየው በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ከኮረም ባቀረበው ዘገባ ነው።

ዛሬ የሚመርጥላችሁ ኤዲተር ብቻ አይደለም። ፌስቡክ የትኛው ፖስት ለብዙ ሰው ይታይ የሚለውን ሲመርጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የንዴቷን ጨምሮ ፖስት ሥር ለሚጫኑ ኢሞጂዎች ከላይክ 5 እጥፍ ነጥብ ይሰጥ ነበር። የንዴቷን ወደ ዜሮ ያወረደው ዘግይቶ ነው።

አትዘኑ፣ አትናደዱ አልላችሁም። ስሜት የሌለው ጋዜጠኛ የሰው ጉዳት አይታየውም። አንድ ቪዲዮ ደማችሁን ሲያፈላው ግን ድምፁን አጥፍታችሁ ድጋሚ እዩት። ማን ቀረፀው? የት? መቼ? ምስሉ የተቆረጠበት ቦታ ላይ አቁሙት፤ ቀጥሎ የመጣው በእርግጥ ከዚያው ቦታ ነው? ተጣርቶም ካስለቀሳችሁ አልቅሱ። ሰዎቹ የት እንዳሉ፣ ምን እንደቸገራቸው፣ በማን በኩል እንደሚረዱ ጠይቁ፤ ሼር ስታደርጉም ያንን አብራችሁ ጻፉበት።