የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አደይ፣ ጅብራና ኮሶ በየወራታቸው

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱንን አምስት ጥያቄዎች መርጠናል። የመጀመሪያው ብዙ ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። አምና ተማሪዎቻችንን ይዘን አዲስ አበባ የሚገኘውን የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከጎበኘን በኋላ በግቢያችን አነስተኛ የአገር በቀል ዕፅዋት ማሳያ ለማበጀት ተነሣን። መስከረም መግቢያ ላይ አደይ አበባ ከሜዳ ከነአፈሩ ነቅለን በመደብ ላይ ተከልን። ሁለት ሳምንት ያህል አምሮብን ከቆየ በኋላ ደረቀ፤ ፍግ ብንጨምርም፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ብናጠጣም አልተመለሰም። ዘንድሮ ደግሞ በቦታው ምንም አልበቀለም። የተሳሳትነው ምን ላይ ነው? ከአደይ በኋላስ ግቢያችን ባዶ እንዳይሆን ምን እንትከል?»

መልስ፦ ውድ መምህር፣ አደዩ የደረቀው ውኃ አንሶት አይደለም፤ ዕድሜውን ጨርሶ ነው። አደይ አበባ የምንለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ የሚባለው ተክል፣ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ በዚያው ዓመት የሚያልፍ ነው። እናንተ ስትነቅሉት የቀረው ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሥሩ ሲነካ ደግሞ ያም አጠረ። ዘሩ ሳይበስል በመድረቁ ለዘንድሮ የሚበቅል ነገር አልተረፈም። ምናልባት ጥቂት ዘር ወድቆ ከነበረም፣ ሐምሌ ላይ መደቡ ሲታረም ቡቃያው እንደ አረም ተቆጥሮ አብሮ ተነቅሎ ይሆናል፤ ቅጠሉ እንደ ድንብላል የተከፋፈለ ስለሆነ አበባውን እንጂ ቡቃያውን ለይቶ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ አደይን በአበባው ሳይሆን በዘሩ ያዙት። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ቢጫው ቅጠል ረግፎ ጉንጉኑ ሲጠቁር፣ ፀሐይ በጠናበት ቀትር ላይ አንዱን ቀጥፈው በመዳፍዎ ላይ ይሹት። ስስ፣ ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ፣ ዳርና ዳሩ ክንፍ የመሰለ ዘር ያገኛሉ። ማክሮፕቴራ የሚለው ስም «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ሲሆን፣ ቢደንስ የሚለው ደግሞ «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ የዚህ ወገን ብዙ ተክሎች በዘራቸው ጫፍ ላይ ሁለት እሾህ መሳይ ጥርሶች አሏቸው። ይህን አንድ ዘር በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት ማድረግ ለተማሪዎችዎ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዘሩን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥረው እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያቆዩት፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲደላደል በለሰለሰ መደብ ላይ በትነው በጣም ስስ አፈር ያልብሱት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡለት፤ ፍግ ግን አያብዙበት። የሰባ አፈር ግንዱንና ቅጠሉን ያሳድግና አበባውን ያሳንሳል፤ ነፋስ ሲመጣም ይጋደማል። ከመደቡ አንዱን ጥግ ለበዓል ሳትቀጥፉ ከተዋችሁት ለከርሞ ራሱን ይዘራል።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልጨምር። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው፤ ነሐሴ ላይ ይጨቀያል፣ ኅዳር ላይ ይሰነጠቃል። ብዙ የደጋ ተክል የሚሞትብን ከብርዱ ይልቅ በክረምት ሥሩ ታፍኖ በመበስበሱ ነው። መደቦቹን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ በመካከላቸው የውኃ መውረጃ ቦይ አውጡ፤ ከአፈሩም ጋር ጠጠርና በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ቀላቅሉበት።

ሁለተኛው ፈተና ውርጭ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ በሚጠራበት ሌሊት ምድር የቀን ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ከአጥሩ ሥር ያለው ተክል ሲጠቁር ከፍ ካለው ቦታ ያለው ደህና ሊያድር ይችላል። ለጋ ችግኞችን ከፍ ባለው በኩል ይትከሉ፤ ማታ ማታ በአራት ችካል ላይ ሣር ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተው ቅጠሉን ሳይነካ ያልብሷቸው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግን መግለጥ አይርሱ።

ለቀሩት ወራት ውርጩን የለመዱትን ይምረጡ። ነጭ አበባው የሚያውደው ቀጋ ለአጥር ይሆናል፤ ቀይ ፍሬውንም ልጆች ይወዱታል። ቢጫ አበባ ያለው አምጃ የደጋው ተወላጅ ነው። ድንጋያማ ጥግ ካላችሁ ደግሞ አሎ ደብራና የተባለውን እሬት ትከሉበት። ይህ እሬት በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ የተወሰደው ከከተማችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ማሳያ ውስጥ እሱ ባይኖር እኔ በበኩሌ አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። የመንዝ ዘመዶቼ ከጓሳ በኩል አንድ የጅብራ ችግኝ አምጥተውልኝ በጥላ ሥር ተክዬ ብንከባከበውም በሦስት ሳምንት ጠወለገ። ሌላ ላስመጣ አስቤአለሁ፤ ምን ብጨምርበት ይጸድቃል?»

መልስ፦ እባክዎ ሌላ አያስመጡ። የጓሳ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። ጅብራ የተፈጠረው ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ለሆነበት አገር ነው፤ በአናቱ ዙሪያ የተደረደሩት ሰፋፊ ቅጠሎች ለጋውን እንቡጥ ከብርዱ ይከልሉታል። የሸዋ ሮቢትን ሞቃት ሌሊት በጥላም ሆነ በውኃ ማብረድ አይቻልም። ከዚህም ሌላ ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጠውን የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሳያብብ የተነቀለ ጅብራ ስለዚህ ምንም ዘር ሳይተካ ነው የሚያልፈው።

የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ሲበቃ ብቻ እየከፈቱ ይጠቀሙበት የነበረውን የቄሮ ሥርዓት ዘመዶችዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ሥርዓቱ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ ለብዙ ትውልድ ጸንቶ የኖረ ነው፤ ዛሬም የአካባቢው ማኅበረሰብ ጓሳን ይጠብቃል። ጅብራን ማየት ሲፈልጉ ወደዚያው ቢወጡ ይሻላል። ለደጅዎ ደግሞ ነጭ አበባው ንብ የሚጠራውን ዋንዛ ይትከሉ፤ ወይም በሌላው ዓለም የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉትን፣ ግንዱ ያበጠና አበባው ሮዝ የሆነ ተክል ይሞክሩ። እሱ አሸዋማ አፈርና ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፤ ወተት መሳይ ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ግን ከልጆች እጅ ያርቁት።

ጥያቄ፦ «በአንኮበር ከቤታችን ጀርባ ሁለት የኮሶ ዛፎች አሉ። አንደኛው በየዓመቱ ቀይ አበባ ሲያንዠረግግ ሌላው ነጣ ያለ አበባ ብቻ ያወጣል። ታሞ ይሆን? ቆርጠን እናስወግደው?»

መልስ፦ አይቁረጡት፤ ዛፉ ጤነኛ ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ጠቆር ብሎ የቀላውና ከበድ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴዋ አበባ ሲሆን፣ ነጣ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ላባ የሚመስለው የወንዴው ነው። ወንዴውን ከቆረጡና በአቅራቢያው ሌላ ከሌለ ሴቴዋ የሚበቅል ዘር አትሰጥዎትም። ኮሶ ከጽጌረዳና ከቀጋ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይገረማሉ፤ በወገኑም ብቸኛ ነው፣ ሌላ የቅርብ ወንድም ዝርያ የለውም። አበባው የሚያምረው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነና በመጋዘን ብዙ ስለማይቆይ በዚያው ዓመት ይዝሩት፤ በጥልቀት አይቅበሩት፤ ችግኙን ለመጀመሪያው በጋ ከውርጭና ከፍየል ይጠብቁ። አበባውን ለኮሶ ትል አፍልቶ መጠጣት የቆየ ልማድ ቢሆንም መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን ይጎዳልና ዛሬ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት መውሰድ ይበጃል።

ጥያቄ፦ «ካላ ሊሊ የተባለው ነጭ አበባ በሳይንሳዊ ስሙ ‹ኤቲዮፒካ› ስለሚባል አገር በቀል ነውን?» (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አይደለም፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። የጥንት የአውሮፓ ሊቃውንት ‹ኤቲዮፒካ› የሚለውን ቃል ከአገራችን ውጭ ላሉ የአፍሪካ ምድሮችም ይጠቀሙበት ነበር። እርጥብ ቦታ ይወዳል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለውም ከመሬት ሥር ያለው ግንድ ካልቀዘቀዘ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ጥያቄ፦ «ጣርማ በር አካባቢ እንደ ድሮው ጦስኝ አላገኝም። በጓሮ ማብቀል ይቻላልን?»

መልስ፦ ይቻላል፤ ቢደረግም ደስ ይለኛል። ባለፈው ጥር በዚያው መንገድ ሳልፍ አንዲት እናት የጦስኝ እስር ሸጡልኝ፤ እቤት ደርሼ ስፈታው ከሢሶው በላይ ሥር ነበር፣ ጥቁር አፈሩም ገና አልረገፈም። ሰዎች ለሽሮ፣ ለበርበሬና ለሻይ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነው፤ ሥሩ ከተራራው ላይ ተነቅሎ ሲመጣ ለማንም አይጠቅምም፣ ተራራው ግን ይራቆታል። ጦስኝ በመሬት ላይ እየተሳበ የሚሄድ ተክል ስለሆነ ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ቦታ ሁሉ ሥር ያወጣል። ሰኔ ላይ ሥር ያበጀ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ከነሥሩ ከጎረቤት ጓሮ ይለምኑና ጠጠር በበዛበት፣ ውኃ በማይተኛበትና ፀሐይ በሚመታው ተዳፋት ላይ በአንድ ስንዝር ርቀት ይትከሉት። በመጀመሪያው ዓመት አይንኩት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሐምራዊው አበባ ሲፈነዳ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርገው በመቀስ ይቁረጡና በጥላ ሥር ያድርቁት፤ የተረፈው ግንድ ከዝናቡ ጋር እንደገና ይለመልማል።